«የምናየው ሁሉ ቅዠት ነው» ይባላል፤ ሕመሜስ?

ጥያቄ፦ «አንድ ቪዲዮ ላይ ‹የምታዩት ዓለም አንጎላችሁ የፈጠረው ቅዠት ነው፤ ሳይንስ አረጋግጦታል› ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? እውነት ከሆነ ሕመሜም ቅዠት ነው ማለት ነው? እኔ ቀይ የምለውስ ለሌላው ሰው አረንጓዴ ሆኖ እንደማይታየው በምን ይታወቃል?»

መልስ፦ ቪዲዮው አንድ እውነት ይዟል፤ ችግሩ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ማቡካቱ ነው። የመጀመሪያው የሚታየኝ ነገር ውጭ ካለው ጋር ይገጥማል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው የሚታየኝን ነገር ራሱን፣ ማለትም ምን እንደሚታየኝ፣ በትክክል አውቃለሁ ወይ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ከነጭራሹ የሚታይና የሚሰማ ነገር ስለ ምን ኖረ ብሎ ይጠይቃል። ለመጀመሪያው ሳይንስ ጥሩ መልስ አለው። ሦስተኛውን እስካሁን የመለሰው የለም። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚያስደነግጠው እሱ ነው ባይ ነኝ፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ጊዜ እወስዳለሁ።

አስቀድሞ ስለ ቃል። «ልምድ» እና «ተሞክሮ» ለዚህ ጉዳይ አይመቹም፤ ሁለቱም በጊዜ ብዛት የተጠራቀመ ዕውቀትን ያስታውሳሉ። እዚህ የምንነጋገረው ቡናማ ቀለም ሲታይ፣ ጥርስ ሲያም፣ ውሃ ሲበርድ ለባለቤቱ ስለሚሰማው ነገር ነው። አማርኛ ለዚህ ከስሙ ይልቅ ግሱ ያምርበታል፦ ራበኝ፣ በረደኝ፣ አመመኝ፣ ታየኝ፣ መሰለኝ። በእነዚህ ግሶች አድራጊው «እኔ» አይደለሁም፤ እኔ የሚደረግብኝ ነኝ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ሊሽተንበርግ፣ «አስባለሁ፤ ስለዚህ አለሁ» ያለውን ፈረንሳዊ ፈላስፋ ዴካርትን ሲተች፣ «አስባለሁ» ከማለት ይልቅ «ያባርቃል» እንደሚባለው ባለቤት የሌለው ግስ ብንጠቀም ይሻላል ብሎ ነበር። የእኛ «ትዝ አለኝ» ያንን ከጥንት ጀምሮ ሲያደርግ ኖሯል። የሰዋስው ነገር ለፍልስፍና ማስረጃ አይሆንም፤ ቢሆንም «መሰለኝ» የምትለውን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

አሁን ወደ «ቅዠት»። በትኩሳት የሚቃዥ ሰው ውጭ የሌለ ነገር ያያል፤ የሚያየውንም ውጭ ያለው አያርመውም። የደህና ሰው እይታ እንዲህ አይደለም። በአንድ ዓይን ሬቲና፣ ማለትም ብርሃን በሚያርፍበት የዓይን የኋላ ሽፋን፣ ላይ ከ100 ሚሊዮን በላይ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አሉ። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው የዓይን ነርቭ ግን 1 ሚሊዮን ገደማ ክሮች ብቻ አሉት። ስለዚህ ገና ከዓይን ሳይወጣ መረጃው ተጨምቋል፤ አንጎልም ከተጨመቀው ተነሥቶ ውጭ ምን እንዳለ ይገምታል። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄልምሆልትዝ በ1860ዎቹ ይህንን ሳናውቀው የምናደርገው ድምዳሜ ብሎት ነበር፤ አንጎል የሚመጣውን ቀድሞ ይተነብያል የሚሉት የዛሬዎቹ ንድፈ ሐሳቦች የእሱ ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ቁጥር አለ። የዓይን መልእክት በሚያልፍበት የታላመስ (በአንጎል መሐል ያለ የመልእክት ማስተላለፊያ) ክፍል፣ አስተላላፊ ሕዋሳት ከሚቀበሏቸው የነርቭ መገጣጠሚያዎች መካከል ከሬቲና የሚመጡት ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ሌላው ከአንጎል ቅርፊትና ከሌሎች ክፍሎች የሚመጣ ነው። ቁጥሩ ልክ ነው። «እንግዲያው ከምናየው 90 በመቶው ፈጠራ ነው» የሚለው ድምዳሜ ግን ስሕተት ነው። የመገጣጠሚያ ብዛትና የመገጣጠሚያ ጉልበት አንድ አይደሉም፤ ሕዋሱን በዋናነት የሚያንቀሳቅሱት እነዚያ ጥቂቶቹ የሬቲና መገጣጠሚያዎች ናቸው።

ስለዚህ ትክክለኛው ቃል «ግምት» ነው፤ ብርሃን በየቅጽበቱ የሚያርመው ግምት። አንዳንዴ ግምቱ አይታረምም። ሙለር ላየር በ1889 ያቀረበውን ሥዕል አይተውት ይሆናል፦ እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት መስመሮች፣ የአንዱ ጫፎች ወደ ውስጥ እንደታጠፈ ቀስት፣ የሌላው ወደ ውጭ የተከፈቱ። በማስመሪያ ለክተው እኩል መሆናቸውን ቢያረጋግጡም አንዱ ረዝሞ መታየቱን አይተውም። ዕውቀት እይታን ሁልጊዜ አያርመውም ማለት ነው። ነገር ግን መስመሮቹ እኩል መሆናቸውን ያወቅነው በምን ነበር? ማስመሪያውን በዓይናችን አንብበን አይደል? ሁሉም እይታ ቅዠት ቢሆን ኖሮ፣ አንጎል ይገምታል የሚለው የምርምር ውጤት ራሱ የቅዠት ውጤት ሆኖ ይወድቅ ነበር። የቪዲዮው አባባል ራሱን በራሱ ያፈርሳል የምለው ለዚህ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ዴካርት በ1641 ባሳተመው መጽሐፉ የውጭውን ዓለም ሁሉ ከተጠራጠረ በኋላ አንድ መጠጊያ አገኘ፦ ብርሃኑ ላይኖር ይችላል፣ ብርሃን የማይ መስሎ መታየቱ ግን ሐሰት ሊሆን አይችልም። በእኛ አነጋገር «ነው» ስል ልሳሳት እችላለሁ፤ «መሰለኝ» ስል አልሳሳትም። ብዙዎቻችን ሳንመረምረው የምንስማማበት ሐሳብ ነው። አሁን እንመርምረው።

ነጭ ወረቀት ላይ በግራ በኩል ትንሽ የመስቀል ምልክት ያድርጉ። ከእሱ በስተቀኝ በ8 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቁር ክብ ይሥሩ። ግራ ዓይንዎን በመዳፍዎ ይሸፍኑ። በቀኝ ዓይንዎ መስቀሉን ብቻ ትኩር ብለው እያዩ ወረቀቱን ከ50 ሴንቲ ሜትር ቀስ አድርገው ወደ ፊትዎ ያምጡ። 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ክቡ ይጠፋል፤ ወደ 20 ሲጠጋ ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱ የዓይን ነርቭ ከሬቲና የሚወጣበት ቦታ ብርሃን ተቀባይ የሌለው መሆኑ ነው። ይህ ዕውር ነጥብ ከእይታ መሐል 15 ዲግሪ ያህል ወደ ጆሮ በኩል ይገኛል፤ ስፋቱ 5 ዲግሪ ገደማ፣ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ደግሞ ከ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ ነው። ካልጠፋልዎ አብዛኛውን ጊዜ ዓይንዎ ሳይታወቅዎ ወደ ክቡ ሸርተት ብሏል። ያ ካልሆነ ራስዎን ወይም ወረቀቱን አዘንብለዋል፤ ክቡን አስፍተው ሥለውትም ሊሆን ይችላል።

መጥፋቱ ያን ያህል አይደንቅም። የሚደንቀው በቦታው ምን እንደሚታይ ነው። ጥቁር ጉድጓድ አይታይም፤ ነጩ ወረቀት ሳይቋረጥ የቀጠለ ይመስላል። ክቡን አቋርጦ የሚያልፍ መስመር ቢያሰምሩና ቢደግሙት መስመሩ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ፈረንሳዊው ማርዮት ይህን ነጥብ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እስኪያሳይ ድረስ የሰው ልጅ በሁለቱም ዓይኖቹ ቀዳዳ ይዞ ሲኖር አላወቀም ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ ከዚህ የከበደ ነው፤ ረዳት ይፈልጋል። ቅርጻቸው አንድ ሆኖ ቀለማቸው የተለያየ አምስት ስክሪብቶዎች ያዘጋጁ። ቀጥ ብለው ተቀምጠው ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቆ ግድግዳ ላይ ያለ አንድ ነጥብ ያተኩሩ። ረዳትዎ የትኛው ቀለም እንደሆነ ሳይነግርዎ ስክሪብቶውን ከጆሮዎ ትይዩ፣ በክንድ ርቀት ይያዝ፤ እያወዛወዘም ቀስ በቀስ ወደ ፊት ለፊትዎ ያምጣው። መጀመሪያ «የሚንቀሳቀስ ነገር አለ» የሚሉበትን ቦታ፣ ቀጥሎ ቀለሙን በእርግጠኝነት የሚሉበትን፣ በመጨረሻ ላዩ የተጻፈውን የሚያነቡበትን ቦታ ምልክት ያድርግ። እንቅስቃሴው ገና ከዳር ይታወቃል። ቀለሙ ግን ብዙ መንገድ ተጉዞ ነው የሚለየው፤ ጽሑፉን ለማንበብ ደግሞ ስክሪብቶው ከሚያተኩሩበት ነጥብ ጎን መድረስ አለበት። ውጤቱን የሚያበላሸው ለአንድ አፍታ ሰረቅ አድርጎ ማየት ነው፤ ስለዚህ ረዳቱ ከስክሪብቶው ይልቅ ዓይንዎን ይጠብቅ። ሌላው ስሕተት ትልቅና ደማቅ ነገር መጠቀም ነው፤ ሰፊ ደማቅ ቀለም ከዳርም ይለያል።

ጥርት አድርገን የምናይበት የሬቲና መሐል የሚሸፍነው 2 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ክንድዎን ዘርግተው የአውራ ጣትዎን ጥፍር ቢያዩ እሱን ያህላል። የቀረውን የምናጠራው በሰከንድ 3 ጊዜ ያህል ዓይናችንን እያዘለልን ነው። ዝላዮቹንም አናያቸውም። መስታወት ፊት ቆመው አንዴ ግራ ዓይንዎን፣ አንዴ ቀኝ ዓይንዎን ይመልከቱ፤ ዓይንዎ ሲንቀሳቀስ በፍጹም አያዩትም፣ አጠገብዎ የቆመ ሰው ግን በግልጽ ያየዋል። በስልክ የፊት ካሜራ ሲሞክሩት የእንቅስቃሴውን ጭራ ሊይዙት ይችላሉ፤ ምስሉ በጥቂቱ ዘግይቶ ስለሚደርስ ዝላዩ ሲያልቅ ገና እየታየ ነው።

ታዲያ ከሙከራው በፊት «ፊትዎ ያለው እይታ ምን ይመስላል?» ቢባሉ ምን ይሉ ነበር? አብዛኛው ሰው ከዳር እስከ ዳር ባለ ቀለም፣ ጥርት ያለ ሥዕል ነው የሚለው። ይህ ስለ ግድግዳው የተሰጠ አስተያየት አይደለም። ስለ ራሱ እይታ የተሰጠ ምስክርነት ነው፤ ምስክርነቱም ወድቋል። ዴካርት የማይነካ ያለው «መሰለኝ» ውስጥ ስሕተት ገብቷል።

እዚህ ላይ ባለሙያዎች ይለያያሉ፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አንደኛው ወገን ከዳር ያለው ቀለም በእርግጥ ይታየናል ይላል፤ አንጎል ራሱ ቀብቶ ያቀርበዋል፣ የጎደለን በትክክል የመለየት አቅም ብቻ ነው። ሌላው ወገን ምንም አልተቀባም ይላል፤ አንጎል ስለዚያ ቦታ ስላልጠየቀ ጉድለቱን አላስተዋለም፣ ባለ ቀለም ሆኖ ታየኝ ብለን እናምናለን እንጂ አልታየንም። በሁለቱም በኩል የሰውየው ቃል አንድ ነው፤ ስለዚህ ቃሉን ብቻ በመስማት ሊለዩ አይችሉም። ዕውር ነጥቡን በተመለከተ የመጀመሪያው ወገን ድጋፍ አለው፤ ያንን ቦታ በሚወክለው የአንጎል ቅርፊት ዙሪያው ሲሞላ የሚነሡ ሕዋሳት በእንስሳት ጥናት ተመዝግበዋል። ለሰፊው የእይታ ዳር ግን ሁለተኛው ሚዛን ይደፋል ብዬ አስባለሁ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊልያም ጄምስ በ1890 ውስጥን መመርመርን፣ ጨለማ ምን እንደሚመስል ለማየት መብራት በፍጥነት ከሚያበራ ሰው ጋር አነጻጽሮት ነበር። የእይታችንን ዳር ልንመረምር ዘወር ባልን ቁጥር ጥርት ብሎ ይጠብቀናል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ እንደዚያ የነበረ ይመስለናል።

ያለፈውን በተመለከተ ምስክርነታችን ይብሳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ካነማንና ባልደረቦቹ በ1993 ያሳተሙት ሙከራ ይህን ያሳያል። ተሳታፊዎች አንድ እጃቸውን በ14 ዲግሪ ሴልሺየስ ውሃ ውስጥ ለ60 ሰከንድ ነከሩ፤ ያማል። በሌላ ዙር ያንኑ 60 ሰከንድ ጨርሰው እጃቸውን ሳያወጡ ለተጨማሪ 30 ሰከንድ ቆዩ፤ በዚህ ጊዜ ውሃው ቀስ እያለ ወደ 15 ዲግሪ ሞቀ፤ አሁንም ያማል፣ በመጠኑ ግን ቀለል ይላል። ከሁለቱ የትኛውን ልድገምላችሁ ሲባሉ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ረጅሙን መረጡ። የበለጠ ሕመም ያለበትን ማለት ነው። ትዝታ የሚይዘው የሕመሙን ጣሪያና አጨራረሱን ነው፤ ርዝመቱን ቸል ይለዋል።

ይህ ወደ ሕመምዎ ያመጣናል። ሕመምዎ ቅዠት አይደለም። የዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ1979 ያወጣውና በ2020 ያሻሻለው ትርጉም ሕመምን ከአካል ጉዳት ጋር የተያያዘ፣ ወይም ያንን የሚመስል፣ ደስ የማይል የስሜት ገጠመኝ ይለዋል። «ወይም ያንን የሚመስል» የሚለው ሐረግ የገባው ሆን ተብሎ ነው፦ ጉዳት ሳይገኝ ሕመም ሊኖር ይችላል፤ ያመመው ሰው ቃልም ሊከበር ይገባዋል። እግሩ የተቆረጠ ሰው የሌለው እግሩ ጣት ሲያመው ስሕተቱ ያለው ቦታው ላይ ነው፤ ማመሙ ላይ አይደለም። ተራራ ሳይኖር የተራራ ምስል ሊኖር ይችላል። ሳያም የሚያም የሚመስል ሕመም ግን ምን ማለት እንደሆነ ለመናገር እንኳ ይቸግራል፤ ለሕመም መምሰሉ ራሱ መሆኑ ነው። ስለዚህ «አንጎል ሠራው» ከሚለው «የለም» አይከተልም።

«በሐሳብ የመጣ ነው» እየተባለ የሚናቀውም ቢሆን ሥጋዊ መንገድ አለው። በ1978 የታተመ ጥናት ጥርስ ከተነቀለላቸው ሰዎች መካከል መድኃኒትነት በሌለው ማስመሰያ ሕመማቸው የቀለለላቸውን ተከታተለ። ናሎክሶን ሲሰጣቸው፣ ማለትም ሰውነት ራሱ የሚያመነጨውን ሞርፊን መሰል ኬሚካል የሚያግድ መድኃኒት ሲያገኙ፣ ሕመሙ ጨመረባቸው። ማስታገሻው ተስፋ ነበር፤ ተስፋው የሠራው ግን በኬሚካል በኩል ነው።

ለሐኪም ሲናገሩ ግን የካነማንን ውሃ ያስታውሱ። «ባለፈው ሳምንት እንዴት ነበር?» ለሚለው የሚሰጡት መልስ በአብዛኛው የከፋው ቀንና የትናንት ማታው ድምር ነው። በቀን 3 ጊዜ በተወሰነ ሰዓት ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይጻፉ፤ የቀደመውን ሳያዩ፣ እያመመዎት ባለበት ቅጽበት። ከቁጥሩ ጎን ዓይነቱን ያስገቡ፤ ያቃጥላል፣ ይወጋል፣ ይጨመድዳል። ምን መሥራት እንደከለከለዎትም ይጨምሩ፤ ቁጥር ብቻውን ከሰው ሰው አይነጻጸርም። ድንገተኛ ወይም እየባሰ የሚሄድ ሕመም ግን መዝገብ እስኪሞላ አይጠብቅም።

ስለ ቀለሙ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያነሣው ጥያቄ ነው። በከፊል መልስ አለው። ሰዎች በአንድ ብርሃን የተለያየ ቀለም ማየታቸው የተረጋገጠ ነው፤ በ2015 ዓለምን ያነጋገረው የቀሚስ ፎቶግራፍ ለገሚሱ ነጭና ወርቃማ፣ ለገሚሱ ሰማያዊና ጥቁር ሆኖ ታይቷል። ቀሚሱ ራሱ ሰማያዊና ጥቁር ነበር። ከዚህ የሚገርመው ተቃራኒው ነው። ቀይና አረንጓዴን ለመለየት የሚያገለግሉት ሁለት ዓይነት ኮን የሚባሉ የሬቲና ሕዋሳት የቁጥር ምጣኔ፣ የቀለም እይታቸው ጤናማ በሆነ ሰዎች መካከል እንኳ ከ1 ለ1 እስከ 16 ለ1 ይለያያል። ሆኖም «ቀይም አረንጓዴም ያልተቀላቀለበት ቢጫ የቱ ነው?» ሲባሉ የሚያመለክቱት የብርሃን ዓይነት በጣም ይቀራረባል። አንጎል ራሱን የሚያስተካክለው በኮኖቹ ቆጠራ ሳይሆን በአካባቢው በሚያገኘው ብርሃን ይመስላል።

ሙሉ መገለባበጥስ? ሎክ እንዳሰበው ሳይታወቅ ሊያልፍ የሚችል አይደለም። የቀለሞች ዝምድና በሁሉም በኩል እኩል አይደለም፤ ድምቀቱ ጫፍ የደረሰ ቢጫ ብሩህ ነው፣ ድምቀቱ ጫፍ የደረሰ ሰማያዊ ግን ጠቆር ያለ ነው። ሁለቱ የተገለባበጡበት ሰው «የትኛው ለነጭ ይቀርባል?» ሲባል ይጋለጣል። የቀይና የአረንጓዴ መገለባበጥ ለመያዝ ከዚህ ያስቸግራል፤ ቢሆንም በዝምድና መለኪያ የሚያዘው ይያዛል። በዝምድናው ሁሉ እኩል ሆኖ በ«ምን ይመስላል» ብቻ የሚለይ ነገር ቢኖር ግን መለኪያ የለንም። እዚህ ላይ ጥያቄዎ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ተሻግሯል።

ሦስተኛውን ለመረዳት የላውረንስ ዋይስክራንትስና ባልደረቦቹ የ1974 ዘገባ ይጠቅማል። የእይታ ቅርፊቱ በከፊል በቀዶ ሕክምና የወጣለት አንድ ሰው በአንድ በኩል ምንም አይታየኝም ይላል፤ ገምት ሲባል ግን በዚያ በኩል ያለውን ብርሃን በጣቱ ከግምት በላይ በትክክል ያመለክታል። መረጃው ደርሷል፣ እጅንም መርቷል፤ ለባለቤቱ ግን «ታየኝ» የሚባል ነገር የለም። እንግዲህ ያለ «ታየኝ» ማየት የሚቻል ከሆነ፣ በእኛ ውስጥ «ታየኝ» ምን ይሠራል? በዚያው ዓመት ፈላስፋው ቶማስ ኔግል ስለ ሌሊት ወፍ አካል ሁሉንም ብናውቅ ሌሊት ወፍ መሆን ምን እንደሚመስል አናውቅም ሲል ጻፈ። ሌላው ፈላስፋ ፍራንክ ጃክሰን በ1982 በጥቁርና ነጭ ክፍል ውስጥ ያደገች የቀለም ሊቅ ቀይ ስታይ አዲስ ነገር ትማራለች ብሎ ተከራከረ፤ ኋላ እሱ ራሱ ድምዳሜውን ትቶታል፤ ምሳሌውን የሚጠቅሱ ሰዎች ይህን ብዙ ጊዜ አይናገሩም። ፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ በ1995 ለጉዳዩ «ከባዱ ችግር» የሚል ስም ሰጠው።

ቪዲዮው «ሳይንስ አረጋግጧል» ሲል ያለንበትን ደረጃ ለመመዘን አንድ ውርርድ ይበቃል። በ1998 የነርቭ ሳይንቲስቱ ክሪስቶፍ ኮክና ቻልመርስ ተወራረዱ፤ ኮክ በ25 ዓመት ውስጥ የንቃተ ኅሊና ግልጽ የአንጎል ምልክት ይገኛል አለ። በ2023 ዋናዎቹን ሁለት ንድፈ ሐሳቦች ፊት ለፊት ያጋጠመ ትልቅ ሙከራ ሁለቱንም በከፊል ደግፎ በከፊል ተፈታተናቸው፤ ኮክም መሸነፉን ተቀብሎ ለቻልመርስ በርከት ያለ ጠርሙስ ወይን አስረከበ። ውርርዱ «ለምን ይሰማናል?» የሚለውን አልነካም፤ ሲሰማን አንጎል ውስጥ የትኛው ምልክት አብሮ እንደሚታይ የሚለውን ቀላሉን ብቻ ነበር የነካው።